ተራራው ከወፉ ጎን

ኖቡሂሮ በተወጠረው ነጭ ጨርቅ ላይ ጎንበስ ብሎ የሩዝ ሙጫውን ከወረቀት ሾጣጣው ጫፍ ቀስ እያለ ይጨምቃል። ሁለት ፊደል ጨርሷል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ሙጫው ያረፈበት ቦታ ቀለም አይገባውም፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሙጫው ላይ የተሳሳተ ነገር ባንዲራው እስኪያረጅ ድረስ ይታያል።

አምስት ሜትር የሚረዝም የዓሣ አስጋሪዎች ባንዲራ ነው። ድሮ አዲስ ጀልባ ባሕር ሲወርድ ነበር የሚሰጠው፤ በካማኢሺ ከተማ ግን የራግቢ ጨዋታ ባለበት ሁሉ ይውለበለባል። ይኼኛው ለኦዳሺማ ኬይጎ ነው። ኬይጎ ለዓለም ዋንጫው በብሔራዊ ቡድኑ ተመርጧል፤ ውድድሩ በዚሁ በጃፓን ሊጀመር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ዓሣ ነጋዴው ካሪያ የብሔራዊ ቡድኑን ባለ ቀይና ነጭ መስመር ማሊያ ሆዱ ላይ ወጥሮ ገባ። ዘንድሮ የደጋፊዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኗል።

«አንተ ኖቡ፣ አለቀ?»

«ስሙ ላይ ነኝ።»

«ከነገ ወዲያ ጠዋት ቶኪዮ ይዘነው እንሄዳለን። ቴሌቪዥን የሚያሳየው እኛን ነው፤ እንዳታሳፍረኝ! ይሄ ልብስስ፣ ያምርብኛል?»

«መስመሮቹ ተለያይተዋል፣ ጋሽ ካሪያ።»

«ተወኝ እባክህ። እኔ እኮ የድሮ ደጋፊ ነኝ።»

«እኔ ስጫወት አንድ ቀን መጥተው ያውቃሉ?»

«ያኔማ ይዘንብ ነበር።»

«አሥር ዓመት ሙሉ?»

ካሪያ ሳቀ። ኖቡሂሮም ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከጨርቁ አላነሳም። ልጅ ሳለ ጃፓን በኒውዚላንድ መቶ አርባ አምስት ነጥብ ሲቆጠርባት አባቱ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ሲጋራ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ብሔራዊ ቡድኑ እንግሊዝ አገር ላይ ደቡብ አፍሪካን በመጨረሻዋ ደቂቃ አሸነፈ፤ በማግስቱ የኳሱን ቅርጽ የማያውቅ ሁሉ ደጋፊ ሆነ። ኖቡሂሮ ጨዋታ ካቆመ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር።

«ትናንት ኬይጎን በቴሌቪዥን አየኸው?» አለ ካሪያ። «ኳስ መወርወር ማን አስተማረህ ብለው ጠየቁት። አንድ የኒውዚላንድ አሰልጣኝ ነው አለ፣ ስሙ ጠፋብኝ። ፈረንጆቹ ይችሉበታል መቼም!»

«አላየሁም» አለ ኖቡሂሮ። አይቷል።

ከመስመር የወጣውን ኳስ ለተሰለፉት መልሶ የሚወረውር ሁለት ቁጥር ነው፤ የትምህርት ቤቱም የከተማውም ቡድን ሁለት ቁጥር ኖቡሂሮ ነበር። ኬይጎ ሁለት ዓመት ታናሹ ነው። በዓሣ ገበያው ጀርባ፣ የበረዶ ፋብሪካው ግድግዳ ላይ በጠመኔ ክብ ሠርቶ ሁለት ክረምት ያስወረወረው ኖቡሂሮ ነው። ኳሱ ከኬይጎ እጅ ሲወጣ ይወላገድበት ነበር፤ አውራ ጣቱን ይዞ ያስተካከለለት እሱ ነው። በኋላ የአባቱ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ኖቡሂሮ ወደ ማቅለሚያው ቤት ገባ። ማሊያውን ኬይጎ ወሰደ። ያኔ ሌላ የሚለብሰው ሰው ስላልነበረ ነው።

«ስሙን ማነው የጻፈው?» ሲል ኖቡሂሮ የትእዛዙን ወረቀት ለካሪያ አሳየው።

«እኔ። ምን ሆነ?»

«ምንም።»

ኦዳሺማ የሚለው ስም መጨረሻ ላይ «ደሴት» የሚል ፊደል አለው። ፊደሉ ወፍና ተራራ ነው፤ ሰው ሁሉ ተራራውን ከወፉ ሥር ያደርገዋል። ጋዜጦቹም እንደዚያ ነው የሚጽፉት። የኬይጎ ቤተሰብ ግን ተራራውን ከወፉ ጎን ያቆመዋል። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ የጨዋታ መርሐ ግብር ላይ ስሙ ተሳስቶ ታትሞ፣ ኬይጎ አውቶብስ ውስጥ ስልሳውን ወረቀት አንድ በአንድ በእስክሪብቶ አርሞታል። አጠገቡ ተቀምጦ የሳቀበት ኖቡሂሮ ነበር።

ካሪያ ከወጣ በኋላ ወረቀቱን እንደገና አየው። እንደታዘዘው ቢሠራ ማን ይወቅሰዋል? ሾጣጣውን አነሳና ወፉን ጻፈ፤ ከሥሩ ተራራውን አኖረ። መስመሩ ንጹሕ ነበር። አባቱ እንኳ እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር አውጥቶ አያውቅም።

እኩለ ቀን ላይ የኬይጎ እናት መጡ፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተቀቀለ በቆሎ ይዘዋል። በሩ ላይ ሁለቴ እጅ ነሱ።

«ሥራ አስፈታሁህ።»

«ይግቡ፣ እትዬ።»

ጨርቁ አጠገብ ቆመው ከመጀመሪያው ፊደል ማንበብ ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ የቀኝ ጠቋሚ ጣታቸው በግራ መዳፋቸው ላይ መጻፍ ጀመረ፤ መጀመሪያ ተራራውን በጎን፣ ቀጥሎ ወፉን። ከዚያ መዳፋቸውን ጨበጡት።

«ያምራል» አሉ። «ለልጄ ይበዛበታል።»

«ስህተት ካለ ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

«ኧረ ምን ስህተት! በስጦታ ላይ ደግሞ ምን ይባላል?» ፈገግ አሉ። «ትናንት ሲደውል ማን እየሠራው እንደሆነ ነገርኩት። ‹ኖቡ ከሆነ ማንም ማመሳከር አያስፈልገውም› አለኝ።»

ቴሌቪዥን ላይ ለምን እንዲህ አይልም፣ አለ ኖቡሂሮ በልቡ። ጆሮው ጋለ። እናትየው እንደገና ሁለቴ እጅ ነስተው ሄዱ፤ መዳፋቸው እንደተጨበጠ ነበር።

ሚስቱ ቺጉሳ ምሳ ልትጠራው ስትመጣ ሦስተኛውን ፊደል ውሃ በተነከረ ስፖንጅ ሲያረጥብ አገኘችው።

«ምን ነካህ? ደርቆ የለም እንዴ!»

«ተሳስቷል።»

ወረቀቱን አንስታ አመሳከረች። «እዚህም እንደዚሁ ነው።»

«ወረቀቱ ነው የተሳሳተው።»

«መቼ አወቅህ?»

«ጠዋት።»

ቺጉሳ ትክ ብላ አየችው። ወረቀቱን ወደ ቦታው መለሰችና፣ «እስኪደርቅ ማታ ይሆናል። ቀለሙን ነገ በሌሊት ተነስተን እንቀባዋለን» አለች።

«አንቺ ተኚ።»

«ብቻህን አምስት ሜትር? ደግሞ ጀግና ሆነህልኛል።»

የራሰውን ሙጫ በቀርከሃ ቢላዋ ፍቆ አነሳ፤ ቦታውን ሁለቴ አጠበው፣ እስኪጠነፍፍም ጠበቀ። «ያ ፈረንጅ ግን» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የበረዶ ፋብሪካውን ግድግዳ የት ያውቀዋል!»

ቺጉሳ ሙጫ በጥብጣ አቀበለችው።

ጎንበስ አለ። ተራራውን በጎን አቆመው፤ ሦስት ጭረት ነው። ከዚያ ወፉን፣ ከጭንቅላቱ እስከ እግሮቹ አራት ነጠብጣቦች። ሙጫው እንዳይጣበቅ ከላዩ ሰጋቱራ በተነበት። የካሪያን ወረቀት አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተ፣ የሾጣጣውንም ጫፍ አጥቦ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።