ከመርዶ በፊት ፎቶ አይወጣም

በፈረንጆቹ 2021 መግቢያ፣ በዚያ በኮቪዱ ክረምት፣ ኮለምበስ ውስጥ ሞት ራሱ ትርፍ ሰዓት ይሠራ ነበር። አስከሬን አስገንዞ ወደ አገር ቤት በመላክ ደግሞ ከዓባይነህ የሚስተካከል በኦሃዮ ቀርቶ በመላው አሜሪካ አልተፈጠረም፤ እሱ እንደሚለው። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ከጸጉር ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራውን ጠባብ ክፍል «ዋናው መሥሪያ ቤት» ይላታል፤ ሌላ መሥሪያ ቤት ግን የለውም።

በዚያ ክረምት ሁለት ተፎካካሪዎች መጡበት። ሰው ገና ትንፋሹ ሳይበርድ ፎቶውን ከፌስቡኩ አንስተው፣ ሻማ ለጥፈውበት፣ «ነፍስ ይማር» ከሚለው ሥር ስልክ ቁጥራቸውን ይጽፋሉ። የነሱ ስልክ እረፍት አጣ። የዓባይነህ ስልክ ዝም ካለ ሰነበተ።

«ስማ» አለችው የፌስቡክ ገጹን የምትይዝለት ሚስቱ ህብረት። «ሰው ሁሉ ፖስት ያደርጋል። አንተ ምን ስለሆንክ ነው የማታደርገው?»

«ከመርዶ በፊት ፎቶ አይወጣም።»

«ያንተ ማርኬቲንግ ታዲያ ምንድነው?»

«እኔ ነኛ! መርዶ ከሚነግሩት ሽማግሌዎች ኋላ ውሃና ሶፍት ይዤ እቆማለሁ። ስለ ሥራዬ ትንፍሽ አልልም። ያየኝ ሰው እስከ ልጅ ልጁ አይረሳኝም።»

«አንተ? ዝም? በሠርጋችን ቀን ቄሱን ያቋረጥክ ሰውዬ!» ሳቀችበት። ሳቋ ግን ወዲያው ጠፋ። «በዚህ ከቀጠልን ፋሲካ ሳይደርስ በራችንን እንዘጋለን።»

ያን ዕለት ከሰዓት ዘውዴ የሚባል የመጋዘን ሠራተኛ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ሆስፒታሉ የደወለው በተጠሪነት ላስመዘገባቸው ለአከራዩ ለጋሼ ጸጋዬ ነው፤ እሳቸውም ለዓባይነህ። እዚህ ያለችው ዘመዱ እህቱ ማንያህልሻል ብቻ ናት። መታመሙን ታውቃለች፤ «እየተሻለው ነው» ሲሏት ሰንብተዋል።

«ዛሬ አትነገርም» አሉ ጋሼ ጸጋዬ። «ከኮለምበስ ወጣ ብሎ፣ ደብሊን አዛውንት ስታስታምም ነው የምታድረው። ይህን ሰምታ በዚህ በረዶ ልትነዳ? ጠዋት ከሥራ ስትገባ እንነግራታለን።»

«ፎቶው እጄ ላይ ነው» አለች ህብረት ባሏን ወደ ጎን ጎትታ። «ሌሎቹ ሳይቀድሙን። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በናትህ!»

ዓባይነህ ፎቶውን አየ፤ ባዶውን ቢሮም አየ። «አይሆንም» አለ።

ጠዋት ክሊንተንቪል ሰፈር፣ ዝሆን በሚቀብር በረዶ መሃል፣ ከቤቷ ፊት ለፊት ጠበቋት። መኪናዋ መጥታ ቆመች፤ እሷ ግን አልወረደችም። ጋሼ ጸጋዬ ማስካቸውን አስተካክለው ተጠጉ፤ ዓባይነህም ውሃውን ይዞ ተከተላቸው።

መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ጭኗ ላይ ስልኳ በርቷል፦ ዘውዴ፣ ሻማ፣ ማንም ያልቀጠረው የአንዱ ተፎካካሪ ስልክ ቁጥር።

«ሌሊት ሥራ ቦታ፣ ብሬክ ስወጣ ነው ያየሁት» አለች። አታለቅስም። «ውሸት መስሎኝ ቁጥሩ ላይ ደወልኩ። ‹ቤተሰብ ነዎት? እንኳን ደወሉ› አለኝ።»

«ልጄ…» አሉ ጋሼ ጸጋዬ።

«አንተስ ጋሼ ዓባይነህ፣ መቼ ነው ያወቅከው?»

«ትናንት… ከሰዓት።»

«ትናንት ከሰዓት እኮ ሾርባ እየሠራሁለት ነበር።» ስልኳን አጠፋች። «ከሻጭ አፍ ከምሰማው አንተ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

ዓባይነህ ውሃውን ዘረጋላት። መስኮቱን ዘጋችው።

ህብረት ደወለች። «አሁንማ አገር አወቀ። የኛንም ልለጥፈው?»

«አይለጠፍም።»

«ከዚህ በኋላ ማን ይጠራናል?»

«ማንም አይጠራንም» አለና ስልኩን ዘጋ። ከመስታወቱ ወዲያ ማንያህልሻል መሪውን በሁለት እጇ ትደበድባለች፤ አፏ ተከፍቷል፤ ጩኸቷ ግን ለሁለቱ ወንዶች አይሰማም።