ስድስቱ ኩቦች

ዘመዱ አምባቸው ኔታንያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቤቶን ሲሞላ ብዙ ጉድ አይቷል። እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የገዛ ልጁ «ቤቶኑ ውስጥ አመድ ይግባ» ስትል ግን ክው ብሎ ቀረ።

ልጁ ሃጋር እሱ በሚሠራበት የዶራ ሰፈር ሕንፃ ላይ መሐንዲስ ሆና ከተመደበች ገና ሦስት ወሯ ነው።

«አባ፣ ሲሚንቶ ሲመረት የሚወጣው ካርቦን ቀላል አይደለም» አለችው። «ቤቱ ገና ሰው ሳይገባበት አየሩን ይበክላል። ከሲሚንቶው ሲሶውን በከሰል አመድ ብንተካው ጉዳቱ ይቀንሳል። የመኪና ማቆሚያው ወለል ላይ እንሞክረዋለን። ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ከቤቶኑ የምንሞላቸው የመሞከሪያ ኩቦች ማዕባዳ፣ ላቦራቶሪው ገብተው የሚፈተሹት በዘጠና ቀን ነው። ካለፈልኝ ኩባንያው በሁሉም ሕንፃ ይጠቀምበታል።»

«ቤሴደር፣ እሺ» አለ ዘመዱ፤ ሆዱ ግን አልተቀበለውም። አባቱ ወገራ ላይ ለአንድ ባላባት የሠራው ግድግዳ ቢሰነጠቅ «ይሄ ፈላሻ ጭቃው ውስጥ አመድ ቀላቅሎ ነው» ተብሎ ከነልጆቹ ከቀየው ተነቅሏል። አባቱ ግን አመድ የሚባል አልነካም ነበር። ዘመዱ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ቢሆንም የተሰደዱበትን ያን መንገድ አልረሳውም።

ወለሉ በተሞላ ቀን ስድስቱን የመሞከሪያ ኩቦች መሙላት የእሱ ድርሻ ነበር። እዚያው አጠገቡ ለአጥሩ መሠረት የመጣ አመድ የሌለበት ተራ ቤቶን ይራገፋል። ዘመዱ ግራ ቀኝ አየና ኩቦቹን ከተራው ሞላቸው። ልጄን አመድ አያዋርዳትም አለ በልቡ። አባት የሚያደርገውን ያደረገ መስሎት ደስ ብሎት ዋለ።

በዘጠና ቀኑ ሃጋር ወረቀት ይዛ መጣች። ፊቷ ላይ ደም የለም።

«የማዕባዳው ሰዎች ወለሉንም በስተው ናሙና አውጥተው ነበር» አለች። «ጥንካሬው ከተራው ቤቶን በልጦ ተገኘ።»

ዘመዱ ጆሮውን ማመን አቃተው። «አመድ ያለበት?»

«አመድ ያለበት። ኩቦቹ ውስጥ ግን የአመድ ዘር የለም። የኩባንያው ሰዎች አጭበርብራችኋል ብለው ሙከራውን ሰረዙት። የኔም ጉዳይ ሊታይ ነው።»

ዘመዱ የብሎኬት ክምር ላይ ተቀመጠ። ለእሷ የደነገጠ መስሏት አጠገቡ ቁጭ ብላ እጁን ያዘችው።

«አይዞህ አባ፣ ማዕባዳው ነው የተሳሳተው። ነግሬያቸዋለሁ። ኩቦቹን የሞላው አባቴ ነው፣ ቆሜ ያልጠበቅኩትም ለዚህ ነው፣ እሱ በሥራ አይዋሽም አልኳቸው።»

አባቱን ባልሠራው ነበር ያዋረዱት። ልጁን ያዋረዳት ግን እሱ ራሱ ነው፤ ያውም በገዛ እጁ።

«ሰዎቹ ጋ ውሰጂኝ» አላት።

«ምን ልትላቸው?»

«ማዕባዳው አልተሳሳተም» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

ሃጋር መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እጁን ለቀቀችው።