ለካሜራ ፓስፖርት ምን ያደርግለታል?

"ደንቡን አጥፊው አልኩሽ እኮ!"

የሆቴሉ ባለቤት የአቶ እንዳለው ድምፅ ከስልኩ አልፎ ተሰማ። የሆቴሉን ኮምፒውተሮች የምትጠብቀው ትዝታ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው። ምሳ ቋጥረው የመጡት አያቷ፣ እማማ ባንችይርጋ፣ በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

"ካሜራዎቹን የሚያሠራው ፕሮግራም ቪዲዮ ብቻ እንዲቀዳ የሚገድብ ደንብ ጭኜበታለሁ። ከትናንት ወዲህ ግን የእንግዶቹን ፓስፖርትና ክፍል የያዘውን መዝገብ ሊከፍት እየሞከረ ነው፣" አለች ትዝታ።

"የካሜራዎቹ ቴክኒሻን ደንብሽ ሥራ ከለከለኝ ይላል! ሆቴሉ የማን ነው?"

"የእርስዎ።"

"እንግዲያው ሳልደርስ አጥፊው!" ዘጋው።

"እሺ በይው፣ ልጄ፣" አሉ እማማ። "ቱሪስት በጠፋበት ዘመን ለላሊበላ ልጅ ሌላ ሥራ ከየት ይመጣል?"

"መጀመሪያ ይዩት።" ወደ ስክሪኑ ጠቆመቻቸው። "እያንዳንዷ ቀይ መስመር አንድ ሙከራ ናት።"

እያዩት ሌላ መስመር ተጨመረ። ወዲያው ሌላ።

"ለካሜራ የሰው ፓስፖርት ምን ያደርግለታል?"

"ለካሜራው ምንም። ከጀርባው ላለ ሰው ግን ማን የት ክፍል እንደተኛ ይነግረዋል።"

እማማ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። "ጌታው ቢያዘውስ?"

"በጌታው ስም ቢመጣም አይገባም። ደንቡን ካላጠፋሁት በቀር።"

ሟቹ ባላቸው ወልደ ጊዮርጊስ ትዝ አሏቸው። የደብራቸው ዕቃ ቤት በሦስት ቁልፍ ነበር የሚከፈተው፤ አለቃውም ብቻቸውን አይከፍቱትም። አንዱን ቁልፍ የያዙት ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። አንድ ማታ የማያውቁት ሰው "ለአንድ አፍታ ያውሱኝ" ቢላቸው እምቢ አሉ። በዱላ ተመትተው እስኪሞቱ ድረስ አነከሱ።

"ትዝታዬ፣ እባክሽ አጥፊው። አንድ ቀብሬያለሁ።"

ውጭ መኪና ቆመ። እማማ በመስኮት አዩ፤ ከአቶ እንዳለው ኋላ ጥቁር ቦርሳ ያንጠለጠለ ረጅም ሰው ወረደ። ቀና ብሎ በቀጥታ መስኮታቸውን አየ፤ የጠቆመው ሰው ግን አልነበረም።

"ቴክኒሻኑ ያ ነው?"

"እንጃ፣ እማማ። በስልክ እንጂ በዓይን አይቼው አላውቅም።"

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ትዝታ ወደ አያቷ ዞረች። "ምን ላድርግ?"

እማማ ወንበሩን እየጎተቱ ወስደው በሩን ደገፉበት፤ ተቀመጡበትም።

በሩ ተንኳኳ።

"አታጥፊው። ቋጠሮውን ፍቺና ብዪ፣" አሏት፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። "ልጄ ሳትበላ ማንም አይገባም።"