የተኳለው መስታወት

እስቲ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ጋቢያችሁን ሰብሰብ አድርጉና የመካነ ሰላሟን የአልጣሽን ነገር ስሙ።

የደብሩ ገበዝ ቄስ አስናቀው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ሲገቡ፣ አልጣሽ የብየዳ ካውያዋን ይዛ ሥራዋ ላይ አቀርቅራ ነበር። ነጠላውን ሲገልጡት እሷው በባለቀለም ብርጭቆ የሠራችው የፀሐይ ምስል ወጣ፤ ባለፈው ጥቅምት በደጀ ሰላሙ መስኮት የተሰቀለው። ቢጫና ቀይ ጨረሩ እንዳለ ነው። መሃሉ ላይ ያለው ክብ መስታወት ግን ዙሪያውን ጠቁሯል።

"ምን ነካው አባቴ?"

"እኔ ምን አውቄ! ሕዝቡማ 'የአልጣሽ መስታወት ኩል ተኳለ' እያለ ይስቃል። ለዓመት በዓል ሊዘንጥ ነው ይሉኛል።"

"እርስዎም ሳቁ?"

"ትንሽ" አሉ ቄሱ ጢማቸውን እያሻሹ። ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ኮሚቴው ከደሴ የተዘጋጀ የፕላስቲክ ሥዕል እናምጣ ብሏል። 'እስቲ ቆዩ' ያልኳቸው እኔ ነኝ። ክረምት ሳይገባ ሌላ ሥሪ። ክረምቱን ከቻለ ይኖራል። ደግሞ ከጠቆረ ግን እኔም አፌን ይዤ እቀመጣለሁ።"

አልጣሽን ያመማት ሳቁ አልነበረም። በከተማው ይህን ሙያ የያዘች እሷ ብቻ ናት፤ መስኮቱ ከወረደ ሙያዋም አብሮ ወረደ ማለት ነው።

ቄሱ ሲወጡ ብየዳውን በአንድ ጎኑ ፈታ አድርጋ አየችው። ጥቁረቱ ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚሳብ ነው። ቁራጮቹን ለማያያዝ ጠርዛቸውን በስስ የመዳብ ጥብጣብ ትጠቀልላለች፤ ብየዳው እንዲይዝላት አሲድ ትቀባለች። ያ አሲድ በጥብጣቡ ሥር ሾልኮ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን እንደ ብር የሚያበራ ልባስ በልቶታል። እሷ ደግሞ ስትጨርስ ያጠበችው ፊቱን ብቻ ነው፤ ጀርባውን ውሃ እንዳይነካው ሳስታለት።

"ወይ አልጣሽ! ፊት ብቻ አጣቢ!" አለች ለራሷ።

ተነሥታ ወደ ሁዳ ሱቅ ሄደች።

"ሁዳ፣ የጥፍር ቀለም አለሽ? ነጩ፣ ቀለም አልባው።"

ሁዳ በካውያ የተለበለቡትን የአልጣሽን ጣቶች አየችና ሳቋን ለቀቀችው። "ወላሂ እታለም፣ ለየትኛው ጥፍርሽ?"

"ለመስታወቱ ነው።"

"ኩሉ አልበቃው ብሎ?"

"አንቺም ሰምተሻል?"

"ማን ያልሰማ አለ! አብሽሪ፣ እንኪ። ነጩ አልቋል፣ ያለኝ ቀይ ነው።"

"ስጪኝ። በጥብጣቡ ሥር ማን ሊያየው!"

የጠቆረውን ክብ መስታወት አውጥታ በምትኩ አዲስ ቆረጠች፤ ጠርዙን በመሳያ ድንጋይ አለሰለሰች፤ አጥባ አደረቀች። ከዚያ አሲዱ እንዳይሾልክበት ጠርዙንና የጀርባውን ዳር በጥፍር ቀለሙ፣ እንደ ሙሽራ ጥፍር በቀስታ ቀባች። እስኪደርቅ ሳትነካው ቆየችና ደገመችው። ጥብጣቡን አጥብቃ ጠቀለለች፤ አሲዱን እየቆጠበች ነካ ነካ ብቻ አደረገች። ከጨረሩ ጋር በይዳ እንደጨረሰች ፊቱንም ጀርባውንም አጥባ በጨርቅ አደረቀችው፤ ቄሱም ወስደው በደጀ ሰላሙ መስኮት መልሰው ሰቀሉት።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አልጣሽ የምታስበው ያንን መስኮት ነበር። ሄዳ ግን አላየችውም፤ ፈራች።

ለመስቀል ሰሞን ቄስ አስናቀው ራሳቸው መጥተው ይዘዋት ሄዱ። የጠዋት ፀሐይ መስኮቱ ላይ አርፋለች።

"እይው እንግዲህ!"

መስታወቱ እስከ ጠርዙ ድረስ፣ እንደተቆረጠበት ቀን ያበራል። አልጣሽ ዳሩን በዓይኗ ዞረችው፤ ደግማ ዞረችው።

"ሳይኳል ከረመ!" አሉ ቄሱ፣ እሳቸው የሠሩት ይመስል ደረታቸውን ነፍተው። "ያንን አሮጌውን በይ ሰባብረሽ ጣይው። ሰው አይሳቅብሽ።"

"የለም አባቴ። እሱ ነው ያስተማረኝ።"

ቤቷ እንደገባች ምስማር ፈልጋ፣ የተኳለውን መስታወት ከሥራ ቤቷ ደጅ በላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ሰቀለችው። "ይሄ ደግሞ የማነው?" የሚላት ሲመጣ፣ ቀና ብላ "የኔ ነው፤ የመጀመሪያዬ" ትላለች።

እናንተም በመካነ ሰላም ስታልፉ ከአንድ ደጅ በላይ ኩል የተኳለ መስታወት ብታዩ፣ መሳቁን ሳቁ፤ ግዴለም። ግን ልጆቼ፣ ጀርባውንም ማጠብ የተማረችውን ሴት አስታውሱልኝ።