የጋሽ ወንድይራድ መርዶ

ጋሽ ወንድይራድ በተቀበሩ በሳምንታቸው፣ ሰኞ፣ እንደ ወትሮው ምሳቸውን ሊበሉ መጡ። ኮታቸውን ወንበሩ ላይ ሰቀሉ፤ ፓስታ በስጎ አዘዙ፤ ሚጥሚጣውን አቀብለኝ አሉኝ። አቀበልኳቸው። ምን ላድርግ?

ቤቷ ከፒያሳ ወረድ ብላ ያለች ጠባብ ፓስታ ቤት ናት። ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ ከፓስታ ሌላ ቀቅላ አታውቅም። ጠረጴዛዎቿ ጥቂት ስለሆኑ ደንበኛው ክርን ለክርን እየተነካካ ነው የሚበላው፤ ስለዚህ የጋሽ ወንድይራድን ሬሳ የተሸከምነውም እኛው፣ ያን ቀን አጠገባቸው ሹካ ያነሳነውም እኛው ነን።

ባለቤቷ እማማ ሮማነወርቅ ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

«አያውቁም» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ይንገሯቸዋ!»

«በማዕድ ፊት መርዶ? አሳዳጊ የበደለህ!»

እውነታቸውን ነው። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ጋሽ ወንድይራድ ደግሞ የሚያድሩት የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ በማለዳ ሄዶ የሚያንኳኳ ፈቃደኛ ጠፋ። ሁላችንም ሆድ ይፍጀው ብለን መብላታችንን ቀጠልን። ሰውየው ከሞቱ ወዲህ የምግብ ፍላጎታቸው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ይህ እኔን አናደደኝ፤ ለቅሷቸው ላይ ከልቤ ነበር ያለቀስኩት።

ልጃቸው ሰናይት ግን ነገሩን ወደደችው። በሕይወት እያሉ አብራቸው ምሳ ለመብላት ጊዜ አልነበራትም። አሁን በየቀኑ ጎረቤት ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ትገባና፣ ጥቁሯ ላይ ቀይ ሹራብ ደርባ ከፊታቸው ትቀመጣለች።

«አባዬ ካወቀ አይመጣም» ብላ ለመነችን። «እባካችሁ፣ ያለኝ አባት እሱ ብቻ ነው።»

እሺ አልናት።

አንድ ሐሙስ ቤቱ በእንፋሎት ታፈነ። ሰናይት ሳታስበው ሹራቧን አወለቀች። ጋሽ ወንድይራድ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ማን ሞቶብሽ ነው ጥቁር የለበስሽው?»

ልትዋሽ ፈለገች፤ አፏ እምቢ አላት። «አባቴ» አለች።

«እኔ?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«መቼ?»

«የሚካኤል ለት።»

«እና እስካሁን አይነገረኝም?» ዞር ብለው ሁላችንንም ገላመጡን። «የሰው ቀብር ቀርቼ የማላውቅ ሰውዬ፣ የራሴ ያምልጠኝ?»

ተራ በተራ ተነስተን «እግዜር ያጥናዎት» አልናቸው። እማማ ሮማነወርቅ ሬዲዮኑን ዘጉ። ጋሽ ወንድይራድ ሳህናቸውን ገፉ፤ ሐዘንተኛ እህል አይወርድለትማ።

ሰናይት ወንበሯን አስጠጋች። ፓስታውን በሹካ ጠቅልላ «በሞቴ» አለች። አባቷ እያለቀሱ ጎረሱ።

«አንድ ያጣላል» አለች። ሁለተኛውን ሲጎርሱ፣ ከጀርባቸው ያለው ግድግዳ በደረታቸው በኩል ይታየኝ ጀመር። እሷም አይታዋለች። ሐዘንተኛ ግን ከነረሃቡ አይተውም። ስለዚህ ጉርሻውን ማሳነስ ጀመረች፤ መጀመሪያ ጥቂት ክሮች፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንዲት ክር ብቻ፣ እሷንም ለሁለት ቆርጣ።

ኮቱ ወንበሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። በወንበሩ ላይ ማንም የለም። ሰናይት ሹካዋን ወደ ባዶው ታነሳለች፤ ሹካው ፓስታ ሳይኖርበት ይመለሳል። ስጎው ልብሳቸውን እንዳይነካ፣ ግራ መዳፏን ከሥር ዘርግታለች።