የአባ ጠርጥር ምልክት

አባ ጠርጥር ይህን ስም ለራሳቸው አላወጡም፤ ሰፈሩ ነው ያወጣላቸው፣ ያውም ያለ ክርክር። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን አባባል ሌላው ሰው በዓመት አንዴ ቢጠቀምበት እሳቸው በቀን ሦስቴ እንደ መድኃኒት ይወስዱታል። ሠላሳ ዓመት ሹፌር ሆነው ኖረዋል። በዚያ ሁሉ ዘመን ጤነኛ ዕቃ ከመኪና ወጥቶ በሽተኛ ሲገባ ስንቴ አይተዋል፤ ስለዚህ አይፈረድባቸውም ይላል ሰው። እኔ ግን ትንሽ እፈርድባቸዋለሁ።

ጡረታ ሲወጡ የገዟት አሮጌ መኪና ላይ ያልፈረሙበት ዕቃ የለም። የቁልፋቸው ቀለበት ላይ አንድ ሚስማር ይንጠለጠላል፤ በእሱ ባትሪው ላይ መስቀለኛ ምልክት ጭረዋል። ዲናሞው ላይ ጭረዋል። ትርፍ ጎማው ላይ፣ ክሪኩ ላይ፣ ኧረ የዝናብ መጥረጊያው ላይ ሳይቀር ጭረዋል! መኪናዋ ጋራዥ ከመግባቷ በፊት ዕቃ መፈረም ለእሳቸው ጫማ ከማሰር አይለይም።

አምና ክረምት መኪናዋን ቀለም ሊያስቀቡ ሲሉ ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተር ትዝ አላቸው። ሞተሩ መቼ ነዳጅ እንደሚያገኝ፣ መቼ እሳት እንደሚያገኝ የሚያዘው፣ ኮፈኑ ሥር ከመስታወቱ አጠገብ የተቀመጠው የብረት ሣጥን ማለት ነው። «ቆርቆሮውን ትተው ሆዱን ቢለውጡብኝስ?» አሉ። አሉና ሣጥኑን ፈተው፣ ክዳኑ የታሸገበትን ሙጫ በቢላ ገሽልጠው፣ ውስጡ ያለው አረንጓዴ ቦርድ ጥግ ላይ መስቀላቸውን ጫሩ። ከዚያም በጫማ ማስቲሽ መልሰው ለጠፉት። ለአንድም ነፍስ አልተናገሩም።

ልጃቸው ያገባችው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። ቀጭን ስለሆነ፣ ሥራውም ከሽቦ ጋር ስለሆነ፣ ሽቦ ይሉታል። አማች ሆኖ ዕቃ የሚፈታ ሰው ለአባ ጠርጥር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ባለፈው ጊዜ «ባትሪዬን ቀየርከው!» ብለው ሰው ፊት አዋርደውታል። ምልክቱ ግን አቧራ ሸፍኖት እንጂ እዚያው ነበረ። ያን ቀን ልጃቸው የስምንት ወር ሕፃኗን ታቅፋ ቀስ ብላ እንዲህ አለቻቸው፦

«አባዬ፣ አንድ ጊዜ ደግመህ ባሌን ሌባ ካልከው፣ እሷን ይዤ ደጅህን አልረግጥም።»

ይህች ልጅ እንደ እናቷ ናት፤ ያለችውን ታደርጋለች። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ በዚያ ቤት ከሰዓት በኋላ የሚሰማ ድምፅ ቢኖር የሕፃኗ ሳቅ ብቻ ነው። አባ ጠርጥር ምላሳቸውን ነከሱ። ለሁለት ወር ነከሱት።

ከዚያ መኪናዋ መንገድ መሀል ቀጥ ማለት ጀመረች። ስትፈልግ ትነሳለች፣ ስትፈልግ ትጠፋለች። አንድ ቀን ጠዋት ጭራሽ እምቢ አለች። እየተጎተተች የሽቦ ጋራዥ ገባች፣ አባ ጠርጥርም ከኋላዋ ገቡ። በርጩማ ስበው ከኮፈኑ ፊት ለፊት ቁጭ።

«አባባ፣ ጥላ ውስጥ ቢቀመጡ ይሻልዎት ነበር» አለ ሽቦ።

«ፀሐይ ለአጥንት ጥሩ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእጁ ሳያነሱ።

ሽቦ መመርመሪያውን ሰካ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አየ። ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ለካ፤ ሙሉ ነው። ሽቦዎቹንም ለካ፤ ደህና ናቸው። «መመርመሪያው ኮምፒውተሩን ይጠራዋል፣ አይመልስም» አለ ራሱን እየነቀነቀ። አባ ጠርጥር በሆዳቸው «ጀመረ እንግዲህ» አሉ።

ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ግን ሰው ናቸው፤ ሽንት ደግሞ ጥርጣሬን አያከብርም። ሮጥ ብለው ሄደው፣ ቀበቷቸውን እንኳ በቅጡ ሳያስሩ ሮጥ ብለው ተመለሱ። ሲመለሱ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሣጥን አለ። ሁለት! ሲሄዱ አንድም አልነበረም። ሁለቱም አንድ ቁመት፣ አንድ ቀለም፣ እንደ መንታ ጎን ለጎን ተኝተዋል።

«አባባ፣ ኮምፒውተሩ ሞቷል» አለ ሽቦ። «ይሄኛው ከመደርደሪያ ያወጣሁት ያገለገለ ነው፣ ለማስተያየት። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ይሄን የእርስዎን ሣጥን ሰው—»

«እኔ ሳለሁ ያልሞተ፣ ስሄድ ሞተ?»

«አባባ...»

«በሁለት ደቂቃ? እህ? የኔ ደህና ነበር! የበሰበሰ ከመደርደሪያህ አውጥተህ የኔ ነው ልትለኝ ነው! ሌባ!»

ወጣች። ቃል አንዴ ከወጣች በምን ትመለሳለች? ጎረቤት ያለው ጎሚስታ የያዘውን ጎማ ለቀቀው። አባ ጠርጥር የሰው ሁሉ ዓይን ወደ በሩ መዞሩን አይተው እሳቸውም ዞሩ። ልጃቸው ሕፃኗን አዝላ፣ የባሏን ምሳ በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

ሽቦ ጨርቅ አነሣና እጁን መጥረግ ጀመረ። ፊቱ ደም መሰለ።

«ማስረጃ አለኝ» አሉ አባ ጠርጥር። «ሆዱ ውስጥ ምልክት አለኝ። የቱ ነው የኔ ያልከው? ካቻቢቴ ስጠኝ። እኔው ራሴ ነኝ የምከፍተው፣ ማንም እንዳይነካው!»

ሽቦ አንዱን ሣጥን ገፋ አደረገላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ከፈቱት። ክዳኑ አላስቸገረም፤ ማስቲሹ ደርቆ ተላቅቋል።

ምልክቱ አለ። የገዛ መስቀላቸው፣ ጥግ ላይ፣ ልክ የጫሩበት ቦታ። ግን ብቻውን አይደለም። ከመስቀሉ አራት ጫፎች አረንጓዴ ዝገት ተነሥቶ ቦርዱን ይዞት ሄዷል፤ ቀጫጭኖቹን መስመሮች አንድ በአንድ በልቷቸዋል። ታች ጥግ ላይ የደረቀ የውሃ ዱካ አለ። አምና እሳቸው በለጠፉት ክዳን የክረምቱ ዝናብ ሲገባ ከርሟል።

ሌባውን አገኙት። እጁ ላይ ካቻቢቴ ይዟል።

«አባዬ» አለች ልጃቸው ከኋላ። «ምልክቱ አለ ወይስ የለም?»

ያየው የለም። ጀርባቸው ሸፍኖታል። «የለም» ቢሉ ማን ያውቃል? ክብራቸው ይተርፋል፤ ሰፈሩም «አባ ጠርጥር እውነታቸውን ነበር» ይላል። ልጃቸውም አትርቃቸውም፤ ምናልባትም ባሏን ትጠረጥር ይሆናል፣ እንደ አባቷ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሐሳቡ አንገፈገፋቸው። ሽቦን ቀና ብለው አዩት። እሱ ግን አያያቸውም፤ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ የጸዳውን እጁን መልሶ ይጠርጋል።

«አለ» አሉ። ሣጥኑን ይዘው ወደ ሰዉ ዞሩ። «አለ። የራሴ ነው። ውሃ ነው የገደለው፤ ውሃውንም ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ምልክት ላደርግ ከፍቼ። እሱ ምንም አላደረገም።»

ልጃቸው የምሳውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አባቷን አየቻቸው፣ ከዚያ ሕፃኗን አዝላ ወጣች። ቃሏ ቃል ነው አላልኳችሁም?

አባ ጠርጥር በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ ቆይቶ ሽቦ አጠገባቸው መጣ። «አባባ፣ ያገለገለውን እገጥምልዎታለሁ። ግን የእርስዎን ቁልፍ አያውቀውም፤ ካላስተዋወቅኩት አያስነሳም። እንደ እርስዎ ነው፣ ያላወቀውን አያስገባም። መኪናዋም ሁለቱም ቁልፎችም እዚህ ማደር አለባቸው።»

ከገዟት ጀምሮ መኪናቸውን ከነሁለቱም ቁልፎቿ ሰው ጋ አሳድረው አያውቁም። ቀለበቱን ከነሚስማሩ አውጥተው በመዳፉ ላይ አስቀመጡለት። መለዋወጫው ቁልፍ ካልሲያቸው ውስጥ ነበር፤ እሱንም አጎንብሰው አወጡ።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አሉት። ልጄ ብለውት አያውቁም ነበር። ሽቦ እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ፤ እሳቸውም በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ።

በማግስቱ ከሰዓት ቤቱ ጭር ብሏል። አባ ጠርጥር ሬዲዮ ከፈቱ፣ ዘጉ። ከዚያ ውጭ ጥሩምባ ተነፋ። የመኪናቸውን ጥሩምባ ከሺህ ይለዩታል። በሩን ሲከፍቱ ልጃቸው መሪውን ይዛ ተቀምጣለች፣ ሕፃኗ ከኋላ ወንበር ታስራ እግሯን ታወናጭፋለች። ሞተሩ ሳይቆራረጥ ይሠራል።

«ደጅህን አልረገጥኩም» አለች ልጅ በመስኮት፣ ፊቷን ሳትፈታ። «መንገድ የመንግሥት ነው።»

«ልክ ነሽ» አሉ።

ወርዳ ኮፈኑን ከፈተችና ከቀለበቱ ላይ ሚስማሩን አውጥታ ዘረጋችላቸው። «ና፣ እንግዲህ ዕቃህን እይ። ስንት ዕቃ ጎድሎ ይሆናል። አዲስ የገባው ሣጥንም ምልክት የለውም።»

አባ ጠርጥር ኮፈኑን አልፈው ሄዱ። የኋላውን በር ከፍተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ኮፈኑ ይዘጋ» አሉ። «ይቺን ፍቺልኝ፣ ይሄ ማሰሪያ እንዴት እንደሚፈታ አላውቅም።»