የደንካ ውሃ

ተስፉ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል አጣብቆ አሮጌዋን ላንድክሩዘር ሁለት ክንድ ያህል ወደፊት አስጠጋት። ገርጂ ነዳጅ ማደያው ጋ ከተሰለፈ ሦስት ሰዓት አልፎታል፤ ከፊቱ ገና አሥራ አንድ መኪና አለ። በስልኩ ውስጥ ነፋስ ይጮኻል።

"እንድሪስ፣ እስቲ ከነፋሱ ዞር በልልኝ! ውሃው እንዴት ነው?"

"ጠርቷል ስልህ! እግሬን ነክሬ ነው የማወራህ። ጠጠሩን ቁጠር ብትለኝ እቆጥርልሃለሁ።"

"ዓሳውስ?"

"ሞልቷል። ጥላዬን ሲያይ ይበረግጋል። ሽማግሌው መቼ ነው የሚመጡት? ፈረስ ላዘጋጅ?"

"እደውልልሃለሁ" ብሎ ዘጋው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲሁ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ባሌ ዲንሾ የሚኖረው እንድሪስ ወርዶ የደንካን ጅረት ያያል፤ ለተስፉ ይነግረዋል፤ ተስፉ ደግሞ ቦሌ ላሉት ለጋሽ ሃይለኣብ ያደርሳል። ደፍርሷል ካለ ይጠብቃሉ። ጠርቷል ካለ በማግስቱ መንገድ ነው። ጋሽ ሃይለኣብ ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። በላባና በክር የተሠራች ዝንብ ውሃ ላይ እየጣሉ ትራውት የሚባለውን ዓሳ ማጥመድ የለመዱት በወጣትነታቸው፣ አብሯቸው ይሠራ ከነበረ አንድ እንግሊዛዊ ነው። ይይዛሉ፣ አገላብጠው ያያሉ፣ መልሰው ይለቃሉ። የተስፉ ሚስት ማሚቱ ይህ ነገር እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም። "ይዞ ለሚለቅ ሰው አራት መቶ ኪሎ ሜትር ስትነዳ ወገብህ አለቀ" ትለዋለች። ወገቡ እውነትም አልቋል።

የመኪናው በር ተከፍቶ ኣርያም ገባችና አጠገቡ ተቀመጠች። የጋሽ ሃይለኣብ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ቢሮዋ ከማደያው ማዶ ነው። ጠዋት ደውላለት ስለነበር እንደምትመጣ ያውቃል።

"ባሌ ደወሉ?"

"አሁን ነው የዘጋሁት።"

"እና?"

"ጠርቷል።"

ኣርያም ዓይኗን ጨፈነች። "ጋሽ ተስፉ፣ ዶክተሩ ያለውን ነግሬዎታለሁ። የአባዬ ልብ ደክሟል። ከዚህ ከፍ ወዳለ አገር ከወጣ አይመለስም ነው ያለን። እኛ ብንለምነው፣ ብናለቅስበት አይሰማም። ሻንጣውን ከሸከፈ ሳምንት ሆነው።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ደፍርሷል ይበሉት። በቃ። ዝናቡ አላባራም፣ ገና ነው እያሉ እስከ ኅዳር ያቆዩልኝ። ከዚያ ብርዱ ይመጣል፤ እሱም ይተወዋል።"

"እንዲህ ብያቸው አላውቅም እኮ።"

"ለዚህ አይደል የሚያምንዎት?"

ከኋላ ጥሩምባ ተነፋባቸው። ተስፉ መኪናዋን አስጠጋ። ያሳፈረው የልጅቱ ልመና አልነበረም፤ ሐሳቡን ሲሰማ ውስጡ ደስ መሰኘቱ እንጂ። የዶዶላን መንገድ አቧራ ሳይውጥ፣ ወገቡን ሳያስር አንድ ጥቅምት ቤቱ ቢያሳልፍ! አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ቦሌ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ጋሽ ሃይለኣብ ግቢው ውስጥ ሣሩ ላይ ቆመው ቀጭኑን ዘንግ ወደ ኋላ ወደ ፊት ይወነጭፋሉ። ክሩ አየር ላይ ተዘርግቶ የሎሚው ዛፍ ሥር ወዳስቀመጡት ሰሃን ይወርዳል። ሁለቴ ከወረወሩ በኋላ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይተነፍሳሉ።

"መጣህ? ዛሬ ሰሃኑን አራት ጊዜ አገኘሁት።"

"ከስንት ውርወራ?"

"አንተ ደግሞ፣ የሒሳብ አስተማሪ ሆነህ አረፍከው!" ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እስኪያልፍላቸው ጠበቁ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። "ውሃውስ?"

ተስፉ መንገዱን ሁሉ ቃሉን ሲለማመደው ነበር የመጣው። አሁን ግን ሽማግሌው ጅረቱ ውስጥ ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ታዩት። ዓሳ ሲለቁ አይወረውሩም። እጃቸውን አርጥበው፣ አፉን ወደ ውሃው መምጫ አዙረው፣ ጉልበቱ እስኪመለስ ከሥር ደግፈው ይይዙታል። ስንቴ በዚያ ብርድ ውሃው ዳር ቆሞ ሲጠብቃቸው በልቡ ረግሟቸዋል።

"ጠርቷል" አለ። "ጠጠሩ ይቆጠራል። ግን እኔ አልወስድዎትም።"

ጋሽ ሃይለኣብ ክሩን በዝግታ መጠቅለል ጀመሩ። "ኣርያም ናት እንዲህ በል ያለችህ?"

"እሷማ ደፍርሷል በላቸው ነው ያለችኝ።"

"ታዲያ ለምን አላልክም?"

"ዋሽቼዎት አላውቅማ።"

"ሞኝ ነህ" አሉት፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "ደፍርሷል ብትለኝ እጠብቅ ነበር። ነገ ይጠራል፣ ከነገ ወዲያ ይጠራል እያልኩ እተኛለሁ፣ እነሣለሁ። አሁን ምን ልጠብቅ?"

ተስፉ እውነቱን ሲናገር ከባዱን ነገር ራሱ የተሸከመ መስሎት ነበር። ለካስ አንሥቶ እሳቸው ላይ ነው ያስቀመጠው።

ስልኩን አውጥቶ ወደ ግቢው በር ሄደና ደወለ።

"ፈረሱን ልጫን?" አለ እንድሪስ።

"አትጫን። ሰማዩ እንዴት ነው?"

"ሰማዩማ ጥርት ያለ ነው። አንዲት ደመና የለችበትም። ምነው?"

"ምንም። ደህና ዋል።"

ሲመለስ ጋሽ ሃይለኣብ ፊቱን እያዩ ጠበቁት። "ምን አለህ?"

ተስፉ ወንበር ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። ወገቡን ወደ ኋላ አስደገፈ።

"በላይኛው ተራራ በኩል ደመና ቋጥሯል ይላል። ማታ ሳይዘንብ አይቀርም።"

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩት። ተስፉም ዓይኑን አልሰበረም።

"ከዘነበማ ይደፈርሳል" አሉ በመጨረሻ።

"ይደፈርሳል።"

"እስኪጠራ ስንት ቀን ይፈጅ ይሆን?"

"እሱን" አለ ተስፉ፣ "ነገ ደውዬ እነግርዎታለሁ።"